ከመኪና አደጋ በኋላ ሕክምናና ኢንሹራንስ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ ዋሽንግተን ዲሲን አቋርጦ አሌክሳንድሪያ የሚደርስ ሰው በአንድ ሰዓት መንገድ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ሕጎች ይገዙታል። ብዙዎቻችን የምንኖረው በዚህ መንገድ ላይ ነው። ታክሲና ኡበር እንነዳለን፣ ልጆች ትምህርት ቤት እናደርሳለን፣ ለለቅሶና ለሠርግ ከአንዱ ወደ ሌላው እንሻገራለን። አደጋ የደረሰባቸው ወገኖቻችን ሐኪም ፊት ሲቀርቡ አጠገባቸው ተቀምጬ ሳስተረጉም ዓመታት አልፈዋል። ከታች ያሉት ጥያቄዎች በምርመራ ክፍል ውስጥ፣ አንዳንዴም በኮሪደር ላይ ደጋግመው የቀረቡልኝ ናቸው። ጠበቃ አይደለሁም፤ የራስዎ ጉዳይ ከበድ ካለ ጠበቃ ያማክሩ። ይህን የምጽፈው ጠበቃ ዘንድ ከመድረስ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት ብዙ ነገር ሲበላሽ ስላየሁ ነው።

አደጋው ቦታ ላይ ምን ልናገር? ምንስ አልናገር?

911 ይደውሉ። የተጎዳ ሰው መኖሩን ያረጋግጡ። መንጃ ፈቃድና የኢንሹራንስ ካርድ ይለዋወጡ፤ የሌላውን ካርድ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። መኪኖቹ ከመነሳታቸው በፊትም ከተለያየ አቅጣጫ ያንሷቸው። ያየ ሰው ካለ ስልክ ቁጥሩን ይቀበሉ፤ ፖሊስ እስኪመጣ ምስክሮች ይበተናሉ። ይህን አብዛኛው ሰው ያውቃል። ብዙዎቻችን የማናውቀው ቀጥሎ ያለውን ነው።

እኛ ሰው ደንግጦ ስናይ "ይቅርታ፣ አይዞህ፣ የኔ ጥፋት ነው፣ እግዚአብሔር አተረፈን" እንላለን። በባህላችን ይህ የማጽናኛ ቃል ነው፤ ማንም ሰው የእምነት ቃል አድርጎ አይወስደውም። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ግን ተጎጂው ራሱ ለአደጋው ጥቂት እንኳ አስተዋጽኦ አድርጓል ከተባለ ካሳውን በሙሉ ሊያጣ ይችላል። ዘጠና ዘጠኝ በመቶው ጥፋት የሌላው ሆኖ አንድ በመቶው የእርስዎ ቢሆን፣ ያቺ አንድ በመቶ በቂ ናት። አብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ይህን አሮጌ ደንብ ትተው ካሳውን በጥፋት ድርሻ ልክ ይቀንሳሉ። ደንቡን ይዘው የቀሩት እነዚህ ሦስቱ ከአላባማና ከሰሜን ካሮላይና ጋር ናቸው። ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ ለእግረኞችና ለብስክሌት ነጂዎች ደንቡን አላልታለች፤ የእነርሱ ጥፋት ከግማሽ ካልበለጠ ካሳቸው አይቀርም። መኪና የሚነዳ ሰው ግን ዲሲም ውስጥ በአሮጌው ደንብ ሥር ነው።

ይዋሹ ማለቴ አይደለም። ለፖሊስ ያዩትን በትክክል ይንገሩ፣ ያላዩትን ግን አይገምቱ። "ምናልባት ትንሽ ፈጥኜ ይሆናል" ያለ ሰው አውቃለሁ። ሲነዳበት የነበረው ፍጥነት ትክክለኛ ነበር፤ ያን ያለው ከድንጋጤና ከትሕትና የተነሳ ነበር። ቃሉ በሪፖርት ላይ ሰፈረ፤ ከዚያ በኋላ የነበረው ክርክር ሁሉ በዚያች "ምናልባት" ዙሪያ ሆነ። ማዘንዎን መግለጽ ከፈለጉ "ተጎዳህ? አምቡላንስ ልጥራልህ?" ይበቃል።

ምንም አልተሰማኝም፤ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለብኝ?

አዎ፤ በዚያው ዕለት ወይም በማግስቱ ይሂዱ። በድንጋጤ ጊዜ ሰውነት ሕመምን ይሸፍናል። የአንገትና የወገብ ጅማት ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ሌሊቱን ተኝተው ሲነሱ ነው። ጭንቅላትን የመታ ነገርም ምልክቱ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰዎት፣ ንግግርዎ ከተደነቃቀፈ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ብሎዎት ለመንቃት ከተቸገሩ፣ እጅና እግር ከደነዘዘ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተዎት ወይም ሆድዎ ጠንክሮ ካመመዎት ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ አባቶችና እናቶች ጭንቅላታቸው ከተመታ ምልክት ባይኖርም መታየት አለባቸው።

አንዲት እህታችን ከአምቡላንሱ ሠራተኛ ፊት ቆማ "ደኅና ነኝ፣ ሌላ ሰው እርዱ" ብላ አምቡላንሱን መለሰችው። ሕክምና አልፈልግም የሚል ወረቀትም ፈረመች። በሦስተኛው ቀን አንገቷን ማዞር አቃታት። ከወራት በኋላ የኢንሹራንሱ ሰው መጀመሪያ ያነሳው ያንን ወረቀት ነበር። ሕመሟ እውነት ነበር፤ ነገር ግን በወረቀት ላይ የሰፈረው "ደኅና ነኝ" የሚለው ነው።

ሌላው የማየው ነገር ቤት ውስጥ በቅቤና በቅባት መታሸት፣ እሱም ካልሆነ ጠበል መግባት፣ ሐኪም ዘንድ የሚሄዱት ግን ከወር በኋላ መሆኑ ነው። ጠበሉንም ጸሎቱንም አይተዉ። መታሸቱን ግን አጥንቱና ዲስኩ ደኅና መሆናቸውን ሐኪም ሳያይ አያድርጉት፤ የተሰነጠቀ አጥንት በማሸት ሊብስ ይችላል። በአደጋውና በመጀመሪያው ምርመራ መካከል ያለው እያንዳንዱ ሳምንት ደግሞ በኢንሹራንሱ ዓይን "ሕመሙ ከሌላ ነገር የመጣ ነው" ለማለት በር ይከፍታል። ፊዚዮቴራፒ ከተጀመረም ቀጠሮ አይዝለሉ። ፈረቃው አላመች ካለ ቀጠሮውን አስቀድመው ያስቀይሩ እንጂ ዝም ብለው አይቅሩ።

የጤና ኢንሹራንስም የመኖሪያ ፈቃድም የለኝም። ድንገተኛ ክፍል ይመልሱኛል?

አይመልሱዎትም። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የፌዴራል ሕግ መሠረት ሜዲኬር የሚባለውን፣ በዋናነት ለአረጋውያን የሆነውን የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ፣ ማለትም በአካባቢያችን ያሉት ሆስፒታሎች ከሞላ ጎደል በሙሉ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍሉ የመጣን ሰው የመክፈል አቅሙን ሳይጠይቅ መመርመርና ከአደጋ ማውጣት አለበት። የመኖሪያ ፈቃድ መኖር አለመኖሩም ለዚህ መስፈርት አይደለም። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነና ፈቃድ የሌላቸው ሰዎች ሜዲኬይድ ከሚባለው ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች ከሆነው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ለድንገተኛው ሕክምና ብቻ የሚከፍለውን ክፍል መጠየቅ ይችላሉ። ጥፋተኛው ላይ ካሳ የመጠየቅ መብትም በፈቃድ ላይ የተመሠረተ አይደለም።

ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ ብዙዎች የማያውቁት ሕግ አለ። ሆስፒታሎች ገቢው ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 200 በመቶ ያልበለጠን ሰው በነጻ ማከም፣ እስከ 300 በመቶ ላለው ደግሞ ዋጋ መቀነስ ግዴታቸው ነው። ይህ በራሱ አይመጣም፤ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻውን ከሆስፒታሉ የሒሳብ ክፍል ጠይቀው መሙላት አለብዎት። የደረሰዎትን ሒሳብ መሳቢያ ውስጥ አይክተቱት። ያልተከፈለ ሒሳብ ወደ ዕዳ ሰብሳቢ ይተላለፋል፤ ከዚያ በኋላ ነገሩን ለማስተካከል ብዙ ይደከማል።

አምቡላንስ ዋጋው አስፈርቷቸው ጓደኛ ጠርተው የሚሄዱም አሉ። ለምሳሌ የሞንትጎመሪ ካውንቲ አምቡላንስ ክፍያውን የሚጠይቀው ከኢንሹራንስ ነው፤ የካውንቲው ነዋሪ ከኪሱ አይጠየቅም። አንገትዎን ካመመዎት በጓደኛ መኪና አይሂዱ።

የሕክምናውን ወጪ የሚከፍለው ጥፋተኛው አይደለም እንዴ?

በመጨረሻ ላይ፣ አዎ። ሰውን የሚያሳስተው "በመጨረሻ" የሚለው ነው። የጥፋተኛው ኢንሹራንስ እያንዳንዱን የሐኪም ሒሳብ እየተከተለ አይከፍልም። ሕክምናው ሲያልቅ ወይም ሁኔታው ሲለይ አንድ ጊዜ ተደራድሮ አንድ ጊዜ ይከፍላል። እስከዚያ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ያልፋል፤ ሆስፒታሉ ግን ይህን ያህል አይጠብቅም። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ "እስከዚያ ማን ይከፍላል?" የሚለው ነው። መልሱ እንደ ቦታው ይለያያል።

ሜሪላንድ ውስጥ የመኪና ኢንሹራንስ ሲገዙ ፒአይፒ የሚባል የግል ጉዳት ሽፋን አብሮ ይሰጣል። መጠኑ ቢያንስ 2,500 ዶላር ነው፤ ጨምረው መግዛት ይችላሉ። ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን የሕክምና ወጪንና ከቀረብዎት ደመወዝ 85 በመቶውን ይከፍላል። ሾፌሩን ብቻ ሳይሆን ተሳፋሪውንና በመኪናው የተገጨውን እግረኛም ይመለከታል። በፒአይፒ መጠቀም ዋጋ ያስጨምራል ብለው የሚፈሩ አሉ፤ የሜሪላንድ ሕግ በዚህ ምክንያት ዋጋ መጨመርን ይከለክላል። የሚያሳዝነው ኢንሹራንሱን ሲገዙ በወር ጥቂት ዶላር ለመቆጠብ "ፒአይፒ አልፈልግም" የሚለውን ወረቀት ሳያነቡ የፈረሙ ወገኖቻችን መብዛታቸው ነው። ፖሊሲዎን ዛሬ ማታ አውጥተው ይመልከቱ። ፈርመው ከሆነ ደውለው እንዲመለስልዎት ይጠይቁ።

ዲሲ ውስጥ ፒአይፒ በፍላጎት የሚገዛ ነው። ካለዎት አደጋው በደረሰ በ60 ቀናት ውስጥ ልጠቀምበት እፈልጋለሁ ብለው ለኢንሹራንሱ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ፒአይፒን ከመረጡ ጥፋተኛውን የመክሰስ መብትዎ ይጠብባል፤ ስለዚህ ጉዳቱ ከባድ ከሆነ በእነዚያ 60 ቀናት ውስጥ ጠበቃ ማነጋገር ይገባል። ቨርጂኒያ ውስጥ ፒአይፒ የለም። በምትኩ ሜድፔይ የሚባል በፍላጎት የሚገዛ የሕክምና ክፍያ ሽፋን አለ፤ እሱም ጥፋት አይጠይቅም።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው የራስዎ የጤና ኢንሹራንስ ነው። "የመኪና አደጋ ስለሆነ በጤና ካርዴ አልጠቀምም" የሚሉ አሉ፤ ይጠቀሙ። ነገር ግን ሜዲኬይድ፣ ሜዲኬርና ብዙ የሥራ ቦታ ኢንሹራንሶች ለእርስዎ የከፈሉትን በኋላ ከሚያገኙት ካሳ ላይ መልሰው ይጠይቃሉ። የሚመጣውን ገንዘብ ሳይደርስ ለአገር ቤት ቃል የሚገቡ ሰዎች ይህን ቢያውቁት ጥሩ ነው።

የገጨኝ ሰው ኢንሹራንስ የለውም፤ ወይም ገጭቶኝ ሸሽቷል።

በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚደርስልዎት የራስዎ ፖሊሲ ውስጥ ያለው ኢንሹራንስ ለሌለው ሾፌር የተገዛ ሽፋን ነው። በሦስቱም ቦታ ኢንሹራንስ ሲገዙ አብሮ ይመጣል፤ ገጭቶ የሸሸንም ይመለከታል። ለፖሊስ ወዲያውኑ ያሳውቁ፣ ለራስዎ ኢንሹራንስም በፍጥነት ይደውሉ። መዘግየት ለእምቢታ ምክንያት ይሆናል።

ኢንሹራንስ ያለውም ቢሆን ዝቅተኛውን ብቻ የገዛ ሊሆን ይችላል። ለአንድ ሰው ጉዳት ዝቅተኛው ሽፋን በዲሲ 25,000፣ በሜሪላንድ 30,000፣ በቨርጂኒያ ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 50,000 ዶላር ነው። አንድ ቀዶ ሕክምና ይህን ሁሉ ሊጨርስ ይችላል። በራስዎ ፖሊሲ ላይ ከላይ ያልኩትን፣ ኢንሹራንስ ለሌለው ሾፌር የሚገዛውን ሽፋን ከፍ አድርጎ መግዛት ከሌሎቹ ጭማሪዎች ሁሉ ይልቅ ዋጋው የሚክስ ነው ብዬ አምናለሁ።

ኡበር ወይም ሊፍት ስነዳ ብጎዳስ?

ወሳኙ አፑ በዚያች ደቂቃ ምን ላይ እንደነበረ ነው። ጠፍቶ ከነበረ የግል ኢንሹራንስዎ ነው። አፑ ተከፍቶ ጥሪ እየጠበቁ ከነበረ ድርጅቱ በሌላው ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ለአንድ ሰው 50,000፣ ለአንድ አደጋ 100,000 ዶላር ሽፋን ይይዛል። ጥሪ ተቀብለው ተሳፋሪ ለማንሳት ከጀመሩበት አንስቶ እስከሚያወርዱ ድረስ ሽፋኑ ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር ያድጋል። ተሳፋሪ ከነበሩም በዚሁ ሥር ነዎት፤ ተሳፋሪ ደግሞ የጥፋት ድርሻ አለህ ተብሎ ካሳውን የሚያጣበት አጋጣሚ እምብዛም ነው።

የብዙ ሾፌሮቻችን ችግር አንድ ነው፤ ለግል ኢንሹራንሳቸው ኡበር እንደሚነዱ አልነገሩም። አብዛኛው የግል ፖሊሲ አፑ በተከፈተ ጊዜ የደረሰን አደጋ አይከፍልም፤ ስለዚህ ጥሪ በሚጠብቁበት ሰዓት ራስዎና መኪናዎ ያለ በቂ ሽፋን ልትቀሩ ትችላላችሁ። ለዚህ የሚሆን ተጨማሪ ሽፋን የሚሸጡ ኩባንያዎች ስላሉ ጠይቀው ይግዙ። አደጋው ሲደርስ የአፑን ገጽ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡት። ለድርጅት ተቀጥረው ደመወዝ እየተከፈለዎት የሚነዱ ከሆነ ደግሞ የሠራተኛ ጉዳት ካሳ አለ፤ ለአለቃዎ በዚያው ቀን በጽሑፍ ያሳውቁ።

እናቴ ለጉብኝት ከኢትዮጵያ መጥታ በእኔ መኪና ውስጥ ተጎዳች። የጤና ኢንሹራንስ የላትም።

ልጅ በዚህ ጊዜ ሁለት ነገር ይጨንቀዋል፤ እናቱ መጎዳታቸውና ሒሳቡ። ሜሪላንድ ውስጥ እርስዎ ፒአይፒን ፈርመው ካልተዉ እናትዎ በመኪናዎ ፒአይፒ መታከም ይችላሉ። ጥፋቱ የሌላው ሾፌር ከሆነ ካሳ ከእርሱ ኢንሹራንስ ይጠየቃል። ጥፋቱ የእርስዎ ከሆነም እናትዎ ከእርስዎ ኢንሹራንስ ካሳ መጠየቅ ይችላሉ። "እናቴ እንዴት እኔን ትከሰኛለች?" የሚል ሐሳብ ብዙዎችን ያሳፍራል፤ ነገር ግን የሚከፍለው በየወሩ ክፍያ ሲቀበልዎት የኖረው ኩባንያ ነው። ወደ አገር የሚመለሱ ከሆነ ከመሄዳቸው በፊት የሕክምና ማስረጃቸውን ሁሉ ይሰብስቡ። አዲስ አበባ ሕክምናው ቢቀጥልም የሐኪሙን ማስረጃና የክፍያ ደረሰኝ ያስቀምጡ።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ልጄ ያስተርጉምልኝ?

አያስተርጉም። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ በነጻ አስተርጓሚ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ በስልክም በቪዲዮም ሊሆን ይችላል። በዲሲ የመንግሥት ቢሮዎችም እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት አማርኛ ተናጋሪን ማስተናገድ አለባቸው። ሲመዘገቡ "አማርኛ" ይበሉ።

ይህን አጥብቄ የምለው ምክንያት አለኝ። "ወጋኝ"፣ "ያቃጥለኛል"፣ "ይጠዘጥዘኛል"፣ "ደነዘዘኝ" ለሐኪሙ አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱ ጡንቻ፣ አንዱ ነርቭ ሊሆን ይችላል። እዚህ የተወለደ የ12 ዓመት ልጅ ሁሉንም "ያመዋል" ብሎ ይተረጉማቸዋል። በመዝገብ ላይ የሚገባውም ያ ነው። ደግሞ እኛ ሐኪም ፊት ሕመማችንን እናሳንሳለን፤ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ትንሽ ይሻላል" እንላለን። እግዚአብሔርን ያመስግኑ፤ ከዚያም ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሱ፣ ልጅ ማቀፍ እንዳቃተዎት፣ ስንት ደቂቃ ሲቆሙ ወገብዎ እንደሚይዝዎት ይናገሩ።

የሌላኛው ሾፌር ኢንሹራንስ ደውሎ ቃልህን ልቅዳ አለኝ።

እሺ የማለት ግዴታ የለብዎትም። ለራስዎ ኢንሹራንስ ግን መተባበር አለብዎት፤ በውሉ ላይ አለ። የሌላኛው ሰው ኩባንያ የሚልከው ሠራተኛ በጣም ትሑት ሊሆን ይችላል። "እንዴት ነህ?" ሲል "ደኅና ነኝ፣ አንተስ?" ብለው ይመልሳሉ፤ ያ ሰላምታ ይቀዳል። "ጉዳዬን አስቤበት እመለሳለሁ፣ በጽሑፍ ላኩልኝ" ይበሉ።

በመጀመሪያው ሳምንት 1,000 ወይም 1,500 ዶላር ቼክ ከወረቀት ጋር ቢመጣ ሕክምናዎ ሳያልቅ አይፈርሙ። ያ ወረቀት ብዙውን ጊዜ ጉዳዩን ለዘለዓለም ይዘጋዋል፤ በኋላ ዲስክዎ መንሸራተቱ ቢታወቅ መመለሻ የለውም። የመኪናው ጥገና ግን ከሰውነት ጉዳቱ ተለይቶ ቶሎ ሊያልቅ ይችላል። ሲፈርሙ ወረቀቱ ስለ መኪናው ብቻ መሆኑን ያረጋግጡ።

ጠበቃ ያስፈልገኛል? ስንት ይወስዳል?

መኪና ብቻ ከተጎዳ ላያስፈልግ ይችላል። ሰው ከተጎዳና ጥፋቱ ካከራከረ ያስፈልጋል። አብዛኞቹ የሚሠሩት ከሚገኘው ካሳ ላይ ሲሆን የተለመደው አንድ ሦስተኛ ነው፤ ክስ ከተመሠረተ 40 በመቶ የሚሉ አሉ። ከመፈረምዎ በፊት የጉዳዩ ወጪ የሚቀነሰው ከጠበቃው ድርሻ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ ከፒአይፒ ገንዘብ ላይስ ይወስዳሉ ወይ ብለው ይጠይቁ። ከፒአይፒ ላይ የማይወስዱ ብዙ ናቸው።

አደጋው በደረሰ በማግስቱ ስልክ ቁጥርዎን ማን እንደሰጠው ሳይታወቅ ደውሎ፣ አንዳንዴም በአማርኛ፣ "እኔ ጋ ና፣ ክሊኒክም ጠበቃም አለኝ" የሚልዎትን አይከተሉት። ለጠበቃ ደንበኛ እየለቀመ ገንዘብ መቀበል ቨርጂኒያ ውስጥ ወንጀል ነው። በእንዲህ ያለ መንገድ የሚገቡበት ክሊኒክ የሚጽፈው ማስረጃም በኋላ ጥርጣሬ ላይ ይወድቃል፤ እውነተኛው ሕመምዎ አብሮ ይጠረጠራል።

ለመክሰስ ስንት ጊዜ አለኝ?

አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው የሚኖሩበት ሳይሆን አደጋው የደረሰበት ቦታ ነው። በሜሪላንድና በዲሲ ሦስት ዓመት፣ በቨርጂኒያ ሁለት ዓመት ነው። ቤታቸው ሜሪላንድ ስለሆነ ሦስት ዓመት ያላቸው መስሏቸው ቨርጂኒያ አውራ ጎዳና ላይ የደረሰባቸውን ጉዳይ ያሳለፉ ሰዎች አሉ። የገጨዎት የመንግሥት መኪና ወይም የካውንቲ አውቶቡስ ከሆነ ደግሞ ከክሱ በፊት የጽሑፍ ማስታወቂያ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ለዲሲ አስተዳደርና ለቨርጂኒያ ከተሞችና ካውንቲዎች በስድስት ወር፣ ለሜሪላንድ ካውንቲዎች በአንድ ዓመት ውስጥ። ቀኑ የሚቆጠረው ከአደጋው ዕለት ጀምሮ ነው። ኢንሹራንሱ "ጉዳይዎን እያየነው ነው" እያለ በየወሩ ደብዳቤ ቢልክም ቆጠራው አይቆምም።